መጽሐፈ ሄኖክ የጠፋው ከማን ዘንድ ነው?

«ከመጽሐፍ ቅዱስ ተቆርጦ የወጣው መጽሐፍ»፣ «ቫቲካን የደበቀችው ምስጢር» የሚሉ ርእሶች በዩቲዩብና በቲክቶክ ላይ በየጊዜው ብቅ ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚያወሩት ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው ግን ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ምክንያቱም መጽሐፉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ሲገለበጥ ኖረ እንጂ ማንም ደብቆት አያውቅም። ግርታው የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሚቀላቀሉ ነው። አንደኛው «ይህ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው የእምነት ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «መቼ ተጻፈ? በምን ቋንቋ? ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍስ ምን ተለወጠ?» የሚለው የምርምር ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ሁለተኛውን ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

«አፖክሪፋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ «የተሰወሩ» ማለት ነው። ችግሩ የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ነገር ይጠሩበታል። ፕሮቴስታንቶች አፖክሪፋ ሲሉ እንደ ጦቢት፣ ዮዲትና ሲራክ ያሉትን፣ በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ውስጥ ያሉ ነገር ግን በዕብራይስጡ ቀኖና ውስጥ የሌሉ መጻሕፍት ማለታቸው ነው፤ ካቶሊኮች እነዚህኑ «ሁለተኛ ቀኖና» ብለው ይቀበሏቸዋል። ሄኖክና ሌላው የሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ኩፋሌ ግን ከዚህ ዝርዝርም ውጭ ናቸው። የምዕራብ ምሁራን «ሱዶኢፒግራፋ» በሚባል ሌላ መደብ ያስቀምጧቸዋል፤ ይህም በጥንት አባት ወይም ነቢይ ስም የተጻፉ ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ «አዋልድ» የሚለው ቃል ተጨምሮ ነገሩን ያወሳስበዋል። አንዳንዶች አዋልድን የአፖክሪፋ ትርጉም አድርገው ይጠቀሙበታል፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አነጋገር ግን አዋልድ የሚባሉት ከሰማንያ አሐዱ ውጭ ያሉት ገድላት፣ ድርሳናትና ተአምራት ናቸው። ስለዚህ ሄኖክን አዋልድ ማለት በዚያ አነጋገር ስሕተት ነው። ሌላም ጥንቃቄ የሚፈልግ ስም አለ፦ የኢትዮጵያው መጽሐፈ መቃብያን ከግሪኩ መቃብያን ጋር ስሙ ይመሳሰል እንጂ ይዘቱ ሌላ ነው።

በዚህ ሁሉ የስም ጣጣ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ዛሬ «የሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን የአይሁድ ጽሑፎች» ማለትን ይመርጣሉ። ዘመኑ አይሁድ ከባቢሎን ምርኮ ተመልሰው ቤተ መቅደሱን ዳግመኛ ከሠሩበት ጊዜ አንሥቶ ሮማውያን በ70 ዓ.ም. እስካፈረሱት ድረስ ያለው ነው።

እንግዲህ ሄኖክ ከሌላው ዓለም እንዴት ጠፋ?

በአንድ ቀን ውሳኔ አልጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘንድ መጽሐፉ የታወቀ ነበር፤ የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 እና 15 ላይ «ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ» ብሎ ቃሉን ይጠቅሳል። በሰሜን አፍሪካ የነበረው ጠርጡልያኖስ መጽሐፉን ደግፎ ጽፏል። አትናቴዎስ በ367 ዓ.ም. ባወጣው የበዓል መልእክት የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሲያስቀምጥ በጥንት አባቶች ስም የሚዞሩ ስውር መጻሕፍትን ነቀፈ፤ አውግስጢኖስም ሄኖክን ከዕድሜው ርዝመት የተነሣ እውነተኛነቱ አይረጋገጥም ብሎ ወደ ጎን አለው። የአይሁድ መምህራን ደግሞ ቀደም ብለው ትተውት ነበር። የብራና መጽሐፍ ደግሞ በቸልታ ብቻ ይጠፋል፤ ሰው ካልገለበጠው፣ አሮጌው ብራና ሲያልቅ ንባቡም አብሮ ያልቃል። ለዚህ ነው ማቃጠልም መደበቅም ሳያስፈልግ በግሪክና በላቲን ተናጋሪው ዓለም ጥቂት ጥቅሶች ብቻ የቀሩት።

በአክሱም ዘመን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ ሲተረጎም ሄኖክና ኩፋሌም አብረው እንደተተረጎሙ ይታመናል። እዚህ ቁም ጸሐፊዎች ገለበጡት። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አውሮፓስ መቼ አገኘችው?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ፣ በ1773 ሦስት የግእዝ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ገባ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ አንዱ ኦክስፎርድ ወዳለው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያለው የሥራው ፍጥነት ግን የሚያስገርም ነው፦ ሪቻርድ ሎረንስ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ያሳተመው በ1821 ነው። ሃምሳ ዓመት እስኪጠጋ ድረስ ብራናው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ግእዝ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነበርና። ጀርመናዊው አውግስጥ ዲልማን በ1851 አምስት ብራናዎችን አመሳክሮ የግእዙን ንባብ አወጣ፤ ኩፋሌንም በ1859 አሳተመ። በአውሮፓ የግእዝ ጥናት መሠረቱን የጣለው በአብዛኛው ይኸው ሰው ነው።

በሙት ባሕር ዋሻዎች ውስጥ የተገኘውስ ምንድን ነው?

እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አንድ ጥርጣሬ ነበር፦ የግእዙ መጽሐፍ በእርግጥ ከጥንት አይሁድ የመጣ ነው ወይስ ክርስቲያኖች በኋላ ያዘጋጁት? መልሱ የመጣው ከ1947 እስከ 1956 በሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን በሚባል ስፍራ በአሥራ አንድ ዋሻዎች ውስጥ ጥቅልሎች ሲገኙ ነው። በ1952 በተገኘው አራተኛው ዋሻ ውስጥ ከነበረው የቁርጥራጭ ክምር መካከል በአረማይክ የተጻፉ የሄኖክ ቅዳጆች ወጡ። ፖላንዳዊው ዩዜፍ ሚሊክ አሥራ አንድ ቅጂዎችን ለይቶ በ1976 አሳተማቸው። ከኩፋሌ ደግሞ አሥራ አራት ያህል የዕብራይስጥ ቅጂዎች ቅዳጅ ተገኘ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሳሳቱት ነገር አለ። ኩምራን ላይ ሙሉ መጽሐፈ ሄኖክ አልተገኘም። የተገኘው አንዳንዱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ጥቂት ፊደል ብቻ የያዘ ቁራጭ ነው። ታዲያ ሦስት ወይም አራት ቃል ያለበት ቁራጭ የሄኖክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በቤታችን ያለውን ነገር እናስብ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ከረጅም ዘመን በፊት የሠራችው ጀበና ተሰብሮ ገሉ ከአመድ ውስጥ ተለቀመ እንበል። የልጅ ልጇ የአያቷን አሠራር ተከትላ የሠራችው ሌላ ጀበና ግን ሙሉ ሆኖ አለ። ሙሉው ጀበና ከሌለ ገሉ የአንገት ይሁን የሆድ፣ የጆሮ ይሁን የመቀመጫ መለየት አይቻልም። በአንጻሩ ደግሞ የአያቲቱ ጭቃ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ግድግዳው ስስ ይሁን ወፍራም የሚነግረን ገሉ ብቻ ነው። የአረማይኩ ቅዳጅ ገሉ ነው፤ የግእዙ መጽሐፍ ሙሉው ጀበና። ሚሊክ ቁራጮቹን በቦታቸው ያስቀመጠው የግእዙን ንባብ እንደ ካርታ ይዞ ነው፤ ከዚያም ግእዙ በአረማይኩ ተመዘነ።

ሚዛኑ ምን አሳየ? አንድ ምሳሌ ብቻ እንይ። ሄኖክ የዓለምን ታሪክ በዐሥር ሱባዔ ከፍሎ የሚተርክበት ራእይ አለ። በግእዙ ብራናዎች ውስጥ ከስምንተኛው እስከ ዐሥረኛው ያሉት ሱባዔያት በምዕራፍ 91 ይገኛሉ፤ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት ግን በምዕራፍ 93፣ ማለትም መጨረሻው ከመጀመሪያው ይቀድማል። ምሁራን ቅጠሉ የሆነ ቦታ ላይ ተዛውሯል ብለው አስቀድመው ጠርጥረው ነበር። ከኩምራን የወጣው ቅዳጅ ሰባተኛውን ሱባዔ አስከትሎ ወደ ስምንተኛው ሲያልፍ ተገኘ፤ ጥርጣሬው ተረጋገጠ።

በሌላ በኩል ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ የሚናገረው ክፍል በአረማይኩ ከግእዙ እጅግ የረዘመ ነበር፤ እኛ ዘንድ የደረሰው አጠር ተደርጎ ነው። ኩፋሌ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አሜሪካዊው ጄምስ ቫንደርካም የዕብራይስጡን ቅዳጆች ከግእዙ ጋር ቃል በቃል አመሳክሮ ግእዙ እጅግ ታማኝ ትርጉም መሆኑን አሳይቷል።

የግእዙ ንባብ ራሱስ እንዴት ይጠናል?

ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግእዙ በቀጥታ ከአረማይክ ሳይሆን ከግሪክ እንደተተረጎመ ይስማማሉ፤ ምንም እንኳ ተርጓሚዎቹ አረማይኩንም ሳያዩ አልቀሩም ያሉ ቢኖሩም። የግሪኩም ክፍል በከፊል ተገኝቷል፦ በ1886 እና 1887 በግብፅ አኽሚም ውስጥ በመቃብር የተገኘ ብራና የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች ይዟል። በዚህ ምክንያት ይሁዳ የጠቀሰው ቃል ዛሬ በአረማይክ፣ በግሪክ፣ በግእዝና በራሱ በይሁዳ መልእክት ጎን ለጎን ይነበባል።

አንዳንድ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ የትርጉሙን ጉዞ ያሳያል። ከሰማይ ወርደው ከሰው ልጆች ጋር የተጋቡት ሁለት መቶ መላእክት በግእዙ «ትጉሃን» ይባላሉ። የዛሬ አማርኛ አንባቢ ትጉህ ሲባል ታታሪ ሰው ስለሚታየው፣ ሰማያዊ ሠራተኞች ሊመስሉት ይችላሉ። የግእዙ ትርጉም ግን «የማይተኙ፣ ነቅተው የሚጠብቁ» ነው፤ አረማይኩም ግሪኩም ይህንኑ «ንቁዎች» የሚል ቃል ይጠቀማሉ። ተርጓሚው ቃሉን በትክክል መያዙ ከዚህ ይታያል።

ከተርጓሚው በኋላ የቁም ጸሐፊው ታሪክ ይመጣል። ትርጉሙ ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ በእጃችን ካሉት የመጀመሪያዎቹ የሄኖክ ብራናዎች ድረስ፣ እነዚህም የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ናቸው፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ክፍተት አለ። በዚህ መካከል እያንዳንዱ ጸሐፊ ከፊቱ ያለውን አብነት እያየ ይገለብጣል። ዐይኑ ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ተመሳሳይ ቃል ዘልሎ አንድ መስመር ሊያስቀር ይችላል፤ ወይም ያልገባውን ዐረፍተ ነገር የሚገባ ለማድረግ ሊያቃናው ይችላል። ሁለት ብራናዎች አንድ ዓይነት መስመር ከዘለሉ ከአንድ አብነት የተቀዱ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ እንደ ዘመድ አዝማድ በስሕተታቸው ይለያሉ። በዚህ መንገድ የሄኖክ ብራናዎች በሁለት ወገን ተከፍለዋል፦ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ የቀደሙ ብራናዎችና በኋላ ታርመው የተስፋፉ ብዙ ብራናዎች። ብሩስ ይዞት የሄደው ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ አውሮፓ ለረጅም ጊዜ ያነበበችው የታረመውን ንባብ ነበር። ኢትዮጵያዊው ምሁር ኤፍሬም ይስሐቅ በ1983 በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉማቸው በጣና ሐይቅ ክብራን ደሴት ገዳም ያለውን ጥንታዊ ብራና መሠረት ያደረጉት በዚህ የተነሣ ነው።

ዕድሜው በምን ይታወቃል?

ብራናው የተጻፈበትን ጊዜ ማወቅና ድርሰቱ የተደረሰበትን ጊዜ ማወቅ ሁለት ነገር ናቸው። ለመጀመሪያው የፊደል አጣጣል ይመረመራል፤ የካርቦን ምርመራም ይደረጋል። በ2025 በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ሁለቱን ዘዴዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጣምረው የሙት ባሕር ጥቅልሎችን ዕድሜ የሚገምት ፕሮግራም አቅርበዋል፤ ብዙዎቹ ጥቅልሎች ከተገመተው በላይ ያረጁ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ውጤት ላይም ደርሰዋል። የፕሮግራሙን ስም «ሄኖክ» ብለውታል። ከሄኖክ ቅጂዎች አንዱ፣ ስለ ብርሃናት የሚናገረው፣ በፊደሉ ሲመዘን ወደ 200 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት ሁለት መቶ ዓመት በፊት ይደርሳል። ስለዚህ ድርሰቱ ከዚያም ይቀድማል።

ለሁለተኛው ይዘቱ ይመረመራል። መጽሐፉ የአንድ እጅ ሥራ አይደለም፤ ቢያንስ አምስት ድርሳናት በአንድነት የተጠረዙበት ነው። ታሪክን በእንስሳት ምሳሌ የሚተርከው ራእይ እስራኤልን በበግ መስሎ እየተረከ ይመጣና ታላቅ ቀንድ ያበቀለ አንድ በግ ዘንድ ይደርሳል፤ ምሁራን ይህ ይሁዳ መቃቢስ ነው ይላሉ። እስከዚያ ያለው ትረካ ከታወቀው ታሪክ ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፍጻሜ ዘመን ተስፋ ነው። ከዚህ ተነሥተው ይህ ክፍል የተጻፈው በ160ዎቹ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው ይላሉ። እርግጥ ይህ ስሌት ጸሐፊው ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያውቅም ብሎ ይነሣል፤ በትንቢት የሚያምን ሰው መነሻውን ላይቀበል ይችላል።

ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የፀሐዩ ክፍል ነው። ሄኖክ ቀኑን ከነሌሊቱ በ18 ክፍል ይከፍልና ረጅሙ ቀን 12፣ ሌሊቱ 6 ነው ይላል፤ ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ በኢየሩሳሌም አይሆንም፤ ረጅሙ ቀን እዚያ 14 ሰዓት ያህል ነው። በኢትዮጵያማ ከ13 ሰዓት ብዙ አያልፍም። ሁለት ለአንድ የሚለው ስሌት የሚገኘው በጥንት ባቢሎናውያን የሥነ ፈለክ ጽላቶች ላይ ነው። ስለዚህ የአይሁድ ጸሐፊዎች ዕውቀቱን ከባቢሎን ወርሰውታል። የዓመቱ ቀን ደግሞ 364 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል ልክ 52 ሳምንት ስለሚሆን እያንዳንዱ በዓል ሁልጊዜ በተመሳሳይ ዕለት ይውላል። ኩፋሌ ይህን አቆጣጠር የተዉትን አጥብቆ ይወቅሳል፤ በኩምራንም ይኸው አቆጣጠር ያላቸው ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። የበዓል ቀን ክርክር ሕዝብን ምን ያህል እንደሚከፍል የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አያጣውም።

ቤተ እስራኤልስ?

ሄኖክንና ኩፋሌን በግእዝ የጠበቁት ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም። ቤተ እስራኤል በረቢዎች ትምህርት ሳያልፉ ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር ኖረዋል፤ በ1902 በጆሴፍ ሃሌቪ የታተመው ትእዛዘ ሰንበት የተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ ሰንበት አከባበር የሚያስቀምጠው ጥብቅ ሕግ ከኩፋሌ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። በሌላው የአይሁድ ዓለም ከሁለት ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት የተተወ መጽሐፍ በጎንደር መንደሮች የሰንበትን ውሎ ሲወስን ኖሯል።

እስካሁን ያልተፈታው ምንድን ነው?

ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው «ምሳሌያት» የሚባለው ክፍል ከኩምራን ቅዳጆች መካከል ፈጽሞ አልተገኘም፤ በግሪክም የለም። ሚሊክ ከዚህ ተነሥቶ ክፍሉ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ክርስቲያኖች የጻፉት ነው ብሎ ነበር፤ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ ዛሬ አብዛኞቹ ከክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ የተጻፈ የአይሁድ ሥራ ነው ይላሉ። ክርክሩ የሚከርረው ክፍሉ በዙፋን ተቀምጦ ስለሚፈርድ «የሰው ልጅ» ስለሚናገር ነው፤ ወንጌልም ክርስቶስን በዚህ ስም ይጠራዋል።

የግእዙ ወንጌል ለዚህ ስም ሁልጊዜ «ወልደ እጓለ እመሕያው» ይላል። የግእዙ ሄኖክ ግን «ወልደ ሰብእ»፣ «ወልደ ብእሲ» እና «ወልደ እጓለ እመሕያው» እያለ ሦስት አጠራር ያፈራርቃል። አንዱ ከአንዱ በትርጉም ይለያል ወይስ ተርጓሚው ቃል ሲለዋውጥ ነው? ከወንጌል ጋር ለማስማማት የተነሣ ሰው ቢሆን ኖሮ አንዱን መርጦ ይዞ ነበር የሚሉ አሉ።

በምዕራፍ 71 ቁጥር 14 ላይ ደግሞ መልአክ ለሄኖክ «አንተ ውእቱ ወልደ ብእሲ» ይለዋል፤ «የሰው ልጅ አንተ ነህ» ማለት ነው። አየርላንዳዊው ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ ይህ አልዋጥ ብሎት፣ ከብራና ምስክርነት ሳይሆን ከራሱ ግምት ተነሥቶ፣ በትርጉሙ ላይ «ይህ የሰው ልጅ ነው» ብሎ ለወጠው። ብዙ የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ለዓመታት ያነበቡት ይህንን ነው። ብራናዎቹ ግን «አንተ» ማለታቸውን አልተዉም።

ዲልማን አምስት ብራና ይዞ በጀመረው ሥራ ላይ ዛሬ የታወቁት የሄኖክ ቅጂዎች ከመቶ በላይ ሆነዋል። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም በተነሡት፣ ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዘመን በሚኒሶታ ተቀምጠው በየገጹ በዘረዘሯቸው ስብስቦች ውስጥም ሆነ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ከቀደመው ወገን የሆኑ ቅጂዎች ታይተዋል። ለምሳሌያት ክፍል ሌላ ቋንቋ ምስክር ስለሌለው፣ የዚያ «አንተ» ዕጣም ሆነ የሦስቱ አጠራሮች ምስጢር የሚጠየቀው ከእነዚሁ የግእዝ ብራናዎች ዘንድ ነው።